ለጠገበ ሞተር «በሞቴ»

በአሜሪካ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ ያለው ሰው ውሎ አድሮ አንድ ካርቶን ወደ ቤቱ ማስገባቱ አይቀርም። ካርቶኑ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ቱቦ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ጥቂት ብሎንና ማሰሪያ፣ እንዲሁም መስታወት ላይ የሚለጠፍ የድርጅቱ ምልክት አለ። ዕቃው «ኮልድ ኤር ኢንቴክ» ይባላል፤ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ማለት ነው። ፋብሪካው የገጠመው ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ይወልቅና ይህ በቦታው ይገባል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዶላር ነው። ሻጮቹ ሦስት ነገር ቃል ይገቡለታል፦ ጉልበት ይጨምራል፣ ድምፁ ያምራል፣ ናፍጣ ይቆጥባል። ከሦስቱ የድምፁ ነገር እውነት ነው፤ ኮፈኑ ሳይከፈት ጎረቤት ይሰማዋል። ጉልበቱ አንዳንዴ እውነት ነው። የናፍጣው ቁጠባ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም የቀመሰ የለም። የዚህ ወግ ጉዳይ ይኸው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ካርቶኑን ይዞ ሲገባ ለሚስቱ የሚነግራት ስለ ድምፁ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሞተሩ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር እንደ ከተማ ሰርግ ነው፤ በሩ ላይ በረኛ አለ። መርገጫውን ስንረግጥ የምናዝዘው በረኛውን ነው። በሩን ገርበብ ካደረገ ጥቂት አየር ይገባል፣ ወጥ ቤቱም በገባው እንግዳ ልክ ቤንዚን ይጨልፋል። የናፍጣ ሞተር ግን የገጠር ተዝካር ነው፤ በረኛ የለውም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ለጭስ ማጽጃው ሥራ የተገጠመች መዝጊያ ብትኖርም ዋናው ሕግ አልተለወጠም። የናፍጣ መርገጫ የሚያዘው በረኛውን ሳይሆን ጭልፋ የያዘችውን ሴትዮ ነው፤ ብዙ ከተጨለፈ ሞተሩ ይበረታል፣ ጥቂት ከተጨለፈ ይለዝባል፣ አየሩ ግን በሁለቱም ጊዜ ሞልቶ ተርፎ ቁጭ ብሏል። እንግዲህ በናፍጣ ሞተር ላይ የአየር መግቢያን ማስፋት የተዝካሩን አጥር እንደማፍረስ ነው። ሰዉ ድሮም ሳይከለከል ሲገባ ነበር፤ የሚያልቀውን ወጥ የሚወስነው ደግሞ ጭልፋው እንጂ አጥሩ አይደለም።

ሞልቶ ተርፎ ማለት በቁጥር ሲነገር ይህን ይመስላል። 1 ኪሎ ናፍጣ አሟጦ ለማቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይበቃል። በሜዳ መንገድ ዘና ብሎ የሚሄድ የናፍጣ ሞተር የዚህን እጥፍ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ቆሞ ሲንደቀደቅ ደግሞ ብዙ እጥፍ። ይባስ ብሎ የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ሳይቸገር በሚሄድበት ጊዜ ከጭስ ማውጫው የወጣውን የገዛ ጭሱን ከፊሉን መልሶ ወደ ውስጥ ይወስዳል። ይህን የሚያደርገው ፋብሪካው ነው፤ እያወቀ፣ በቧንቧና በኮምፒዩተር። በሞተሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚበዛ እሳቱ እንዳይግልና መርዛማው የናይትሮጅን ጭስ እንዲቀንስ ከንጹሑ አየር ላይ ቀንሶ ያደረ አየር ይሰጠዋል። የጠገበ እንግዳ ሳህኑን በእጁ ሲከልል ማለት ነው። ባለካርቶኑ ግን እንደ ደግ አስተናጋጅ ከራሱ በላይ ቆሞ «ኧረ በሞቴ! አልበላህም እኮ!» ይለዋል፤ አየር ያጎርሰዋል።

እሺ፣ ተጨማሪ አየር ባይጠቅመውም አየሩን ለመሳብ የሚያወጣው ጉልበት ቢቀልለት ናፍጣ አይተርፍም ወይ? ይህ ከሁሉ የተሻለው ክርክር ነው፤ ስለዚህ በሂሳብ እንመልስለት። 6.7 ሊትር የሆነ የፒክአፕ የናፍጣ ሞተር በሰዓት 65 ማይል ሲሄድ በደቂቃ 1,700 ጊዜ ያህል ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚተነፍስ ይህ በደቂቃ 5,700 ሊትር ገደማ ነው፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባው ተርቦ ሲጨምርበት 7,000 ይሁን። አዲሱ ዕቃ ከፋብሪካው ሣጥን ይልቅ መንገዱን በግማሽ ኪሎፓስካል አቀለለለት እንበል። ይህ ለሻጩ የተደረገ ቸርነት ነው፤ የፊልትሮ ጫና የሚከብደው አየሩ በብዛት ሲሮጥ ነውና፣ የአየሩ ፍሰት በግማሽ ሲወርድ ጫናው ወደ ሩብ ይጠጋል፤ በቀስታ ጉዞ ደግሞ የሚቀልለት ብዙ ነገር የለም። ለማንኛውም ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛ የሚገኘው ትርፍ 60 ዋት ነው። አንድ የ60 ሻማ አምፖል! በዚያ ፍጥነት መኪናውን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት 35 ኪሎዋት ያህል ነው፤ ወደ 600 የሚጠጋ አምፖል በአንድ ላይ በርቶ ማለት ነው። ከ600 አምፖል አንዱን በማጥፋት የመብራት ሂሳብ ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ዕቃው የተሠራው ለእርሱ ነው። ተርቦው ላይም ኪሳራ አለ፣ ሂሳቡ ጠበበ የሚል ቢኖር በሦስት እናባዛለት፤ ያኔም ትርፉ ግማሽ በመቶ ነው።

«ስሙ እኮ ቀዝቃዛ አየር ነው» ይላል ሌላው ተከራካሪ። «ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ኦክስጅን ይበዛዋል።» እውነት ነው፤ አየር በ3 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር 1 በመቶ ገደማ ይጠቀጠቃል። ነገር ግን ያ አየር ከፊልትሮው እንደወጣ የሚገባው ወደ ተርቦ ነው። ተርቦው እየጨመቀ ያግለዋል፤ ሲበረታ ከ100 ዲግሪ በላይ ያስኬደዋል። ከዚያ ከራዲያተሩ ፊት ወደተሰቀለው ኢንተርኩለር ይገባና መልሶ ይቀዘቅዛል። በር ላይ የተገኙት ጥቂት ዲግሪዎች በዚህ ሁሉ ግለትና ብርደት መካከል አብዛኞቹ ደብዛቸው ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የፋብሪካው ጥቁር ሣጥን በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አየሩን የሚስበው ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከመከላከያው ጎን ወይም ከፊት በኩል መሆኑ ነው። ክፍት ሾጣጣ ፊልትሮ በደንብ ካልተከለለ ግን የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ያለውን፣ ሞተሩ ሲያግለው የዋለውን አየር ነው። ቀዝቃዛ ተብሎ ተሽጦ ሙቅ የሚጠጣ ነገር፣ መብራት የጠፋበት ቀን የግሮሰሪ ቢራ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ከመካኒክ አፍ የማይጠፋው ነው፦ «የቆሸሸ ፊልትሮ ናፍጣ ይበላል፤ ስለዚህ ከንጹሑም የተሻለ ክፍት ፊልትሮ ናፍጣ ይቆጥባል።» ይህ እምነት የካርቡሬተር ዘመን ቅርስ ነው። ካርቡሬተር አየሩ ሲታፈን ቤንዚኑን ማወፈር ይወድ ነበርና የታፈነ ፊልትሮ በእርግጥ ኪስ ያራቁት ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ምክሩ ግን እንደ አያት ምክር በቃል ተላልፎ እኛ ጋ ደረሰ። በቴነሲ ያለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት የዘመናዊ የቤንዚን መኪኖችን ፊልትሮ ሆን ብሎ አፍኖ ሲለካ የነዳጅ ፍጆታው ያን ያህል ንቅንቅ አላለም። የናፍጣ ሞተር በረኛ ስለሌለው ውጤቱ ይለይ ይሆናል ተብሎ ተርቦ ያላቸው ሦስት የናፍጣ መኪኖችም በተራቸው ተፈተኑ፤ በ2013 የታተመው ውጤትም መኪኖቹ ለፊልትሮ ሁኔታ ግድ የሚሰጣቸው እምብዛም መሆኑን አሳየ። እንግዲህ አስቡት። ፊልትሮን እስኪታፈን አቆሽሾ ይህ ነው የሚባል ናፍጣ ማባከን ካልተቻለ፣ ንጹሑን ፊልትሮ በሌላ ንጹሕ ፊልትሮ ለውጦ በምን ተአምር ናፍጣ ይቆጠባል?

ላቦራቶሪ የማያምን ሰው ካለ ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን የጭነት መኪና ይመልከት። ወደቡ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚያ ሲደርስ የአየሩ ግፊት ከወደቡ በሩብ ገደማ ወርዷል፤ ይህም ወደ 24 ኪሎፓስካል ነው። የካርቶኑ ዕቃ ሰጠ ያልነው ግማሽ ኪሎፓስካል ነበር። ማለትም መንገዱ ከሞተሩ ላይ የሚወስደው አየር ዕቃው ከሚሰጠው ወደ 50 እጥፍ ይጠጋል፤ ተርቦ ያለው ሞተር ግን ከጎደለው አብዛኛውን በፍጥነት እየሾረ ያካክስና ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሩም በመንገዱ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ጎማው ያማርራል እንጂ «አየር አነሰኝ» ብሎ ናፍጣ ሲያስሞላ አይታይም። ነገሩን ስንገለብጠው ደግሞ ዕቃውን መግጠም አርባ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ዝቅ እንደማለት ነው። አርባ ሜትር ዝቅ ብዬ ናፍጣዬ ተረፈ የሚል ሾፌር ካለ የተረፈለት በቁልቁለቱ ነው።

አሁን ከባዱ ክርክር ይምጣ፦ «እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ፤ ከ17 ወደ 18 ማይል በጋሎን ወጣልኝ።» ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም አይዋሽም። ችግሩ መለኪያው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር መኪናው በግምት የሚያወጣው እንጂ በሊትር የተለካ ስላልሆነ ጥቂት በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለት ልማዱ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ቁጥሩ ያምራል፣ ከፊት ሲመጣ ያስቀይማል። የክረምቱ ናፍጣ እንዳይረጋ ተብሎ ስለሚቀጥን ጉልበቱ ከበጋው ያንሳል፤ ስለዚህ ዕቃውን ብርዱ ሲለቅ የገጠመ ሰው የወቅቱን ለውጥ ለቱቦው ይመርቅለታል። ከሁሉ በላይ ግን 400 ዶላር የከፈለ ሰው እግር የቀድሞው እግር አይደለም። ቁጠባውን ለማየት ስለጓጓ ሳያውቀው በእርጋታ ይረግጣል፣ መብራቱን ከሩቅ አይቶ ይለቃል፣ ዓይኑም ከቁጥሩ ላይ አይነሳም። ናፍጣው በእውነት ተርፏል፤ የቆጠበው ግን እግሩ ነው። ለዚህ ነው የጭነት መኪና ባለሙያዎች ኤስኤኢ ጄ1321 በተባለው ደንብ ሲፈትኑ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስነዱት፤ አንደኛው ምንም ሳይነካ ምስክር ይሆናል፣ ናፍጣውም በተነቃይ ጋን ሆኖ በሚዛን ይመዘናል። በሚዛን ያልተመዘነ ቁጠባ የሰርግ ማግስት ወሬ ነው።

ለተከራካሪዎቹ ፍርድ ሳላጓድል እውነታቸውንም ልስጥ። አየር በእውነት የሚያጥርበት ጊዜ አለ፤ ከባድ ተጎታች ይዞ ረጅም ዳገት እስከ ወለል ተረግጦ ሲወጣ፣ ወይም ባለቤቱ የሞተሩን ኮምፒዩተር አስለውጦ ጭልፋውን ከፋብሪካው ልክ በላይ ሲያሰፋው። ያኔ ሰፊ መግቢያ ጭሱን ያቀጥናል፣ የሚወጣውን ግለት ያበርዳል፣ ጉልበትም ሊጨምር ይችላል። የሻጮቹ የጉልበት ቁጥር የሚመጣውም ከዚህ ጫፍ ነው። ነገር ግን ሰው በዓመት ውስጥ ስንት ደቂቃ ነው እስከ ወለል የሚረግጠው? ቁጠባ የሚሠራው ወይም የሚበላሸው በቀረው ጊዜ ነው። የፋብሪካው ሣጥንም ፍጹም አይደለም፤ ዋጋን፣ ጸጥታንና ቦታን ሲያመዛዝን የተሠራ ነው። ቢሆንም ፋብሪካው በጭስና በነዳጅ ደንብ ተወጥሮ ለእያንዳንዷ ከመቶ አንድ የሚጨነቅ ነው፤ በአንድ ቱቦ ከመቶ አምስት የሚገኝ ቢሆን ለጎረቤት ሱቅ ትቶት ባልሄደ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያገኝ ቀርቷል። ለተስፋው ማበብ የሚረዳ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጭነታቸውን ጨምሮ ከ8,500 ፓውንድ በላይ እንዲመዝኑ የተፈቀደላቸው ትልልቅ ፒክአፖች መስታወት ላይ እንደ ትንንሾቹ የነዳጅ ፍጆታ ወረቀት እንዲለጠፍ ሕጉ አያስገድድም። መነሻው ባልተጻፈበት ቦታ «ጨመረ» ማለት ቀላል ነው።

የማይገኘውን ናፍጣ ፍለጋ የሚጠፋው ነገር ደግሞ አለ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ጋ ነው። የፊልትሮ ዋና ሥራ አየር ማስገባት ሳይሆን አቧራ መከልከል ነው። ደህና የወረቀት ፊልትሮ ከመቶ ከ99 በላዩን አቧራ ያስቀራል። አየር በቀላሉ እንዲያልፍ የተሳሳ ፊልትሮ አቧራም በቀላሉ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ያለፈው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ የተርቦውን ስለት ይልጋል፣ ሲሊንደሩን ይፍቃል። በዘይት የሚርስ የጨርቅ ፊልትሮ ላይ ዘይቱ ከበዛ አየር መለኪያው ሴንሰር ላይ ሊያርፍና ኮምፒዩተሩን ሊያሳስት ይችላል። አስገራሚው ነገር የወረቀት ፊልትሮ ጥቂት ሲቆሽሽ ከአዲሱ ይበልጥ ማጣራቱ ነው፤ የተያዘው አቧራ ራሱ ለሚመጣው አቧራ ወንፊት ይሆናል። በአገራችን ኮረኮንች መንገድ የሚሠሩ መኪኖች ፊልትሮ በየሳምንቱ ወጥቶ በጎማ ላይ ሲደበደብና በኮምፕሬሰር ሲነፋ ወረቀቱ እንደሚቀደድ ያየ ሰው፣ ለንጽሕና የሚደረግ ፍቅር ሞተር እንደሚገድል ይገባዋል። ብዙ ከባድ መኪና ላይ የፊልትሮውን ጫና የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ አለ፤ «ቀይር» ሲል ብቻ መቀየር ነው።

እንግዲህ ናፍጣው የሚሄደው ወዴት ነው? አየር ወደ ሞተር ከሚገባበት ይልቅ መኪናው አየርን ከሚገፋበት። የንፋስ መቋቋም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ65 ወደ 75 ማይል ያደገ ሰው አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ንፋስ ይገፋል፤ አሥር ማይሉን መተው ደግሞ ካርቶን አያስፈልገውም። በአሜሪካ ረጅም መንገድ ላይ ትልልቅ ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ሾፌሩ ተኝቶ ሞተሩ ሲንደቀደቅ ቢያድር በየሰዓቱ 0.8 ጋሎን፣ 3 ሊትር ገደማ ይበላል። ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን የጎማው ነገር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱም ጎማ ንፋስ በአማካይ በ1 ፒኤስአይ ሲጎድል የነዳጅ ቁጠባው 0.2 በመቶ ይወርዳል። ያ አንድ አምፖል ከ600 አምፖል ስንት ነበር? 0.17 በመቶ። የ400 ዶላሩ ዕቃ ሊሰጥ የሚችለው ጎሚስታው አንድ ትንፋሽ ከሚጨምረው አይበልጥም ማለት ነው። ቁጠባ በአየር እንደሚመጣ ሰውየው በደንብ ገብቶት ነበር፤ የተሳሳተው አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው።

በገንዘብም እንየው። በዓመት 15,000 ማይል፣ በጋሎን 18 ማይል፣ ጋሎኑ በ4 ዶላር ብንል ዓመታዊ ወጪው 3,333 ዶላር ነው። በሦስት ያባዛነውን፣ ለሻጩ ያዳላነውን ግማሽ በመቶ ብንወስድ በዓመት 17 ዶላር ያህል ይተርፋል። 400 ዶላሩ የሚመለሰው በ24 ዓመት ነው፤ ያኔ ፒክአፑ ወይ ለልጅ ተላልፏል፣ ወይ ዶሮ ሠፍሮበታል። ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይገዛል ቢባል፣ ራስን ከመለወጥ ዕቃን መለወጥ ስለሚቀል ነው። እግርን ማለዘብ በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ካርቶን አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። የጎማ መለኪያ አሥር ዶላር ቢያወጣ ነው፤ ነገር ግን ኮፈን ከፍቶ ለእንግዳ የሚያሳየው፣ ምልክቱንም መስታወት ላይ የሚለጥፍለት የለም። ድምፅም የለውም። ለድምፁ ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ ምንም አልተሳሳተም፤ ክራር የገዛ ሰው በነዳጅ ቁጠባ አይጠየቅም። የሚያሳዝነው ሙዚቃ ገዝቶ ቁጠባ ነው የሚለው ነው። ጠግቦ የተጎረሰ እንግዳ ቢያንስ «በቃኝ» ማለት ይችላል። ሞተሩ ግን አፍ የለውም፤ የተረፈውን አየር በሰፊው ቱቦ እየማገ ያፏጫል፤ ባለቤቱም ፉጨቱን ከማዕድ በኋላ የሚሰጥ ምርቃት መስሎት «አሜን» እያለ ይነዳል።